ኩባያ ይዞ የመጣ ማኅበር

ደብረ ማርቆስ፣ ኅዳር 19 ቀን 2000 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለአይናዲስ፣

አይኔ፣ ናፍቆቴ ከሁመራ ፀሐይ ይብሳል። እኔም፣ ባለቤቴ አወቀም፣ ልጄ ወንጌላዊትም ደህና ነን። ላሚቱም ደህና ናት። ጥጃዋ ተቅማጥ ይዟት ሰንብታ ነበር፤ አሁን ተነሥታ ትዘላለች። ደብዳቤሽ በሾፌሩ እጅ ከደረሰኝ ቆየ። መልሱን ዛሬ ነገ እያልኩ ያዘገየሁት ረስቼሽ አይደለምና ይቅር በይኝ።

«ለምን አትደውዪልኝም» ላልሽው፣ ስልኩ ያለው አለበል ሱቅ ነው። አለበልን ታውቂዋለሽ፤ አንቺ «ሃሎ» ስትዪ እሱ ሚዛኑን ያቆማል። ስኳር ገዢውም ሳሙና ገዢውም ጆሮውን ቀስሮ ይቆማል። ባለፈው የአንዲት ጎረቤታችን ልጅ ከአረብ አገር ደውላ ስታለቅስ፣ እናትየው ቤቷ ሳትደርስ ሰፈሩ «አይዞሽ» ሊላት በሯ ላይ ተሰልፎ ጠበቃት። ወረቀት ይሻለናል፤ ቢያንስ በመንገድ ላይ አያወራም።

አምበር ገጠር ያለው የአጎታችን ጤፍ ዘንድሮ ደህና ነው። አጎታችን ወንፈል ገብቶ አሳጭዶታል፤ ዛሬ ለኔ ነገ ላንተ እየተባባሉ በአንድ ጀንበር ጨረሱት አሉ። እዚህ ከተማ ደግሞ የተደፋ ቆሻሻ ለማስነሣት እንኳ ስብሰባ ይጠራል። ጎመኑ በውርጭ ተመታብኝ። ጓሮ ያለውን ሁሉ ጠቅልሎ አቃጠለው፤ ትንሽ ዳር ዳሩ ብቻ ተርፏል።

ስለ እማዬ ቦታ የጠየቅሽኝን አልዘለልኩትም። ልትሞት ስትል የተናገረችውን አብረን ሰምተናል። «የኪዳነ ምሕረት ማኅበር ቦታዬ የአይናዲስ ነው፤ እስክትመጣ አንቺ ተቀመጪላት» ነው ያለችኝ። ተቀምጬልሻለሁ። ወር በገባ በአሥራ ስድስት እሄዳለሁ፣ ከጽዋው እጎነጫለሁ፣ ዳቦዬን ይዤ እመለሳለሁ። ደግሞ ዕድልሽ ሆኖ የኛ ቤት ተራ የሚወድቀው በየካቲት ነው፣ በዋናው በዓሏ።

ጠቅልለሽ ስለ መምጣቱ ግን፣ ሰሊጡ እስኪሰበሰብ ብትቆዪስ? አንቺ የምትገቢበት ክፍል ጣራው ያፈስሳል። አወቀ ቆርቆሮውን እለውጣለሁ ካለ ሁለት ክረምት አለፈው። እስቲ እናያለን።

እማማ አመተ ሥላሴ ደህና ናቸው።

የምትወድሽ እህትሽ የብርጓል

❖

ሁመራ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2000 ዓ.ም.

እትዬ የብርጓል፣

ከነቤተሰብሽ ሰላምሽ ይብዛ። ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ስለ ጥጃዋ ተቅማጥ ነገርሽኝ፣ ስለ ጎመኑ ነገርሽኝ። በዚያ ሁሉ ወረቀት ላይ ለእማማ አመተ ሥላሴ የደረሳቸው ሁለት ቃል ነው። እማዬ እኔን ወልዳ ጡቷ አብጦ ስትታመም፣ የበኩር ልጃቸው ሞቶባቸው ገና እንባቸው ሳይደርቅ ያጠቡኝን ሴትዮ «ደህና ናቸው» ብለሽ አለፍሻቸው። አንቺ ሰው ስትደብቂ እንዲህ ነሽ። ሕፃን ሆነንም አባዬ ሲመጣ ስለ ዶሮ ማውራት ትጀምሪ ነበር።

ስለዚህ እኔ ልጀምር። በእማዬ ተዝካር ዕለት ከኋላ ቤት ገብቼ መድኃኒቴን ስውጥ እማማ አመተ ሥላሴ አይተውኛል። ብልቃጡን አዩና ፊታቸው አመድ መሰለ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ምን አሉኝ መሰለሽ? «ይሄ በባዶ ሆድ ነው እንዴ የሚዋጠው?» የዚያን ዕለት ለኔ ማሰባቸው መስሎኝ እጃቸውን ስሜ ወጣሁ። እዚህ መጥቼ ሳውጠነጥነው ግን፣ የማያውቀውን ብልቃጥ አይቶ ይህን የሚጠይቅ ሰው የለም።

ቫይረሱ በደሜ እንዳለ የምታውቁት አንቺና አወቀ ብቻ ናችሁ። ባሌ ከሞተ ጀምሮ ለሌላ ሰው አልነገርኩም። የሚያሳፍረኝ ሆኖ አይደለም፣ የጠየቀኝ ስለሌለ ነው። መድኃኒቱ ተስማምቶኛል። ወፍሬአለሁ፤ ያ የተዝካሩ ቀሚስ አሁን ከዳሌዬ አያልፍም። ሐኪሙ ሲቀልድ «አንቺን ካሁን ወዲያ የሚገድልሽ የሁመራ ሙቀት ነው» ይለኛል።

እዚህ እርሻ ካምፕ ውስጥ በቀን ስንቱን ሰው አበላለሁ፤ ስሜን የሚያውቅ ግን የለም። «ወጥ ቤቷ» ነኝ። ባለፈው ወር አንድ የቀን ሠራተኛ በወባ ሞተ። የት አገር ሰው እንደሆነ የሚነግረን ጠፍቶ፣ ካህኑ የክርስትና ስሙን ሲጠይቁ ሁላችንም መሬት መሬት አየን። እኔ እንጀራ አላጣሁም፣ እጅ አለኝ። ብሞት ስሜን ለካህኑ የሚነግር ሰው ያለበት ቦታ መኖር ነው የምፈልገው። የእማዬ ቦታ ለኔ ይህ ነው።

ይቀበሉኛል ወይስ አይቀበሉኝም? ይህንን ጻፊልኝ። ጥጃዋን ተያት።

አይናዲስ

❖

ደብረ ማርቆስ፣ ጥር 19 ቀን 2000 ዓ.ም.

አይኔ፣

ጥጃዋን ተውኳት።

ከእማዬ ተዝካር ወዲህ ነገሩ እንዳላማረኝ ሳልነግርሽ ቀረሁ። መጀመሪያ በመስከረም አንዷ «ጉሮሮዬን ያመኛል» ብላ ጽዋውን አሳለፈችው። በጥቅምት ሁለት ሆኑ። በታኅሣሥ ከንፈራቸውን ሳያስነኩ «ጠጣሁ» የሚሉ በዙ። ያ ጥቁር የሸክላ ጽዋ፣ እናቶቻችን ከንፈር ለከንፈር ሲቀባበሉት ያረጀው፣ እንደ ትኩስ ድንጋይ ከእጅ እጅ ይሮጥ ጀመር። እኔ ሞኟ መጀመሪያ ጠላው ጎምዝዞ ነው ብዬ አስብ ነበር።

በቀደም ጥር አሥራ ስድስት ጸሎቱ ሲያልቅ አለበል ተነሣ። ሙሴነቱን፣ ማለቴ የማኅበሩን አለቃነት፣ ዘንድሮ ለእሱ ሰጥተነዋል። ቀበሌ ስለ ጤና ሁለት ቀን አሠልጥኖት ስለነበር አፉ ሞልቶ መጣ።

«እናቶቼ፣ እህቶቼ፣ ዘመኑ የንጽሕና ዘመን ነው» አለ። «ከአሁን በኋላ ከአንድ ጽዋ መጠጣት ኋላ ቀርነት ነው። ጽዋው ለበረከት መሀል ይቀመጥ። እያንዳንዱ ማኅበርተኛ የራሱን ኩባያ ከቤቱ ይዞ ይምጣ። ኩባያውን እኔ በቅናሽ አቀርባለሁ።»

ይህን ሲል ጣቱ ላይ የቀረውን ወጥ እየላሰ ነው። ቀደም ሲልም በእጁ አስነጥሶ በዚያው እጅ ነው ዳቦውን የቆረሰልን። እኔ አፌን አልያዝኩም።

«ምነው አለበል፣ ማን ታመመ?» አልኩት።

ዓይን ሁሉ ወደ እማማ አመተ ሥላሴ ዞረ። እሳቸው የነጠላቸውን ጥለት ይቆጥራሉ። ከዚያ፣ «እኔ ምን አልኩ? የጡት ልጄ ናት፣ እወዳታለሁ» አሉ። «ግን እዚያው ብትታከም አይሻላትም? ሁመራ ጥሩ ሐኪም ቤት አለ አሉ።»

«ቦታው የአይናዲስ ነው፤ እናቴ ተናዛ ነው የሞተችው» ስል አለበል ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አንቺ ቀጥዪበት፤ የእሷ ጉዳይ በኮሚቴ ይጠና።» እማዬ ከዚህ ሰውዬ እናት ጋር ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከአንድ ጽዋ ጠጥታለች። ልጇ ዛሬ በኮሚቴ ትጠናለች! ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ የኛ ሰፈር ድር አብሮ አብሮ ያሰረው አንዲት የሰው ወጥ የምትሠራ ሴት ነው።  የያዝኩትን ዳቦ መሶቡ ላይ መለስኩት።

ከዚያ ተራው የኛ ነውና ጽዋውን ከነሽፋኑ አንሥተው አስታቀፉኝ። ይዤው ስገባ አወቀ ፊቴን አይቶ፣ «ጽዋ ነው ወይስ ሬሳ የተሸከምሽው?» አለኝ።

አሁን ያንን የብልቃጥ ነገር። ያልሽውን ደጋግሜ አሰብኩት። የእማማ አመተ ሥላሴ ልጅ እንዳላማው፣ ጋራዥ የሚሠራው፣ በየወሩ «መለዋወጫ ልገዛ» እያለ ባሕር ዳር ይሄዳል። ሲመለስ እጁ ባዶ ነው። አወቀ አንድ ቀን «ይህ ልጅ የሚገዛው ዕቃ ከኪስ የማይተርፍ ነው» ብሎ ስቆ ነበር፤ አሁን ሳስበው ሳቁ ጠፋኝ። ለካ ብልቃጡን ያወቁት በቤታቸው ስላለ ነው! በገዛ ልጃቸው ላይ ክዳን ደፍተው ያንቺን ለሰፈር ከፈቱት።

የካቲት አሥራ ስድስት እኔ ቤት ይመጣሉ። መሀላቸው ቆሜ እናገራለሁ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ነውና ጠላውም በደንብ ተጠንስሷል።

እህትሽ የብርጓል

❖

ሁመራ፣ የካቲት 2 ቀን 2000 ዓ.ም.

እትዬ፣

አትናገሪ።

ልጁ ምን በደለ? የሱ በር ነው፣ ሲፈልግ እሱ ይክፈተው። አንቺ ከከፈትሽው አንቺና እማማ አመተ ሥላሴ በምን ትለያያላችሁ? ተናደሽ እንደምታነቢው አውቃለሁ። ተናደጂ፣ ግን አትናገሪ።

ለበዓሉ እመጣለሁ። ቅዳሜ ማታ ገብቼ ሰኞ ጠዋት መመለስ አለብኝ፤ ፈቃዱ ያን ያህል ነው። የእሑዱን ወጥ እኔ እሠራለሁ፤ ከሌላ ሰው ጋር እንዳትስማሚ። መቀመጤን ሳይሆን በጤና መቆሜን ይዩ።

ለመሆኑ የኩባያው ቀለም ምንድን ነው?

አይናዲስ

❖

ደብረ ማርቆስ፣ የካቲት 20 ቀን 2000 ዓ.ም.

አይኔ፣

በሰላም ገባሽ? ጎንደር አድረሽ መኪና ሳትቀይሪ አልቀረሽም ብዬ አስባለሁ። መናኸሪያ ላይ «ከጓሮ ሆኜ ጫጫታ ሰማሁ፣ ምን ነበር?» ስትዪኝ ያቺ መኪና መጮህ ጀመረችና መልሴን ዋጥኩት። እሑድ ማታም የነገርኩሽ ቆርጬ ነው፤ መንገድ ላለበት ሰው እንቅልፍ ይሻለዋል ብዬ። ይቅር በይኝ። ዛሬ ሁሉንም እነሆ።

አንቺ ያለሽበትን ታውቂያለሽ። የማኅበሩ አባት መሪጌታ ገብረ ሚካኤል ጽዋውንም ኩባያዎቹንም በአንድ ላይ ባረኩ። «የትኛው ነው ማኅበሩ አባ?» ብዬ ስጠይቃቸው «ሁለቱንም እባርካለሁ» አሉኝ። ዲማ ጊዮርጊስ ገዳም ያ ሁሉ ዓመት መጻሕፍት ተምረው ይቺን መመለስ አቃታቸው። ከዚያ ጽዋውን መጀመሪያ መቅመስ የሳቸው ነውና ስናያቸው «ስኳሬ ተነሥቶብኛል» ብለው ሽፋኑን ስመው አስቀመጡት። ስኳር በጠላ የሚነሣ ከሆነ ሰውዬው ድሮ ሞተዋል! ያኔ ነው አንቺ የተነሣሽው። ጠጣሽ፣ ጠርዙን በነጠላሽ ጫፍ ጠረግሽ፣ «ኪዳነ ምሕረት ለከርሞ ታድርሳችሁ» ብለሽ በጓዳ በኩል ወጣሽ። አንድ ሰው አሜን አላለም።

አሁን ያላየሽው። ቀለሙን ጠይቀሽኝ ነበር፤ ብርቱካናማ ነው። የሁሉም! አለበል አንድ ደርዘን አምጥቶ ሳይጨርስ ሌላ ደርዘን፣ ያው መጠን፣ ያው ቀለም። ወንጌላዊት ልትቀዳ ኩባያዎቹን በትሪ ሰብስባ ከጓዳ ሞልታ መጣች። በይ አሁን የማን የማን ነው?

«የኔ ጭረት አለበት» አለች አንዷ።

«የኔም ጭረት አለበት።»

«ሁሉም ጭረት አለበት እኮ፣ በአሸዋ ነው የታጠቡት!»

አለበል አንዱን አንሥቶ አሸተተው። እውነቴን ነው፣ እንደ ውሻ አሸተተው። አስቀመጠና ሌላ አሸተተ። እማማ አመተ ሥላሴ ደግሞ፣ «ጓዳ ገብቶ ነበር፤ እሷ ነክታው ቢሆንስ?» አሉ። እሷ! ስምሽን እንኳ አልጠሩም። ከዚያ ወዲያ አንድም ሰው አልጠጣም። ያ ሁሉ ጠላ ፊታቸው ቆሞ፣ ጉሮሯቸው ደርቆ፣ ብርቱካናማ ኩባያ ላይ ሲያፈጡ ዋሉ።

መብሉ ሲቀርብ ግን ምን ሆነ? በአንድ ትሪ ዙሪያ ተኮለኮሉ! ያው እጅ፣ ያው ጣት፣ የአንዱ ጣት ከአፉ ወጥቶ ከሌላው ጉርሻ ጎን ይገባል። አወቀ በጆሮዬ፣ «የአፋቸውን በሽታ እጃቸው አላወቀም» አለኝ። ሳቄ መጣ፣ ግን ሳቁ እንደ ትውከት ነው የመጣው። አለበል ሦስተኛውን ይሁን አራተኛውን ጎርሶ፣ «የብርጓል፣ የዛሬው ወጥሽ ልዩ ነው፤ እጅሽ ይባረክ» አለ። ሁሉም ተቀብሎ «እጅሽ ይባረክ፣ እጅሽ ይባረክ!»

«ለሷ አደርስላችኋለሁ» አልኳቸው።

«ለማን?»

«ለአይናዲስ። ከማለዳ ጀምራ የሠራችው እሷ ናት። ሽንኩርቱንም የከተፈች፣ ዶሮውንም የበለተች እሷ ናት።»

የአለበል እጅ ከነጉርሻው በመንገድ ቀረ። አፍ አልደረሰ፣ ትሪ አልተመለሰ። ወጡ በክንዱ እየወረደ እጅጌው ገባ። ከዚያ ተነሥቶ ወጣ። የሰማሽው ጫጫታ የሱ መትፋት ነው፤ ያንን የመሰለ ወጥ የእማዬ ጽጌረዳ ሥር ደፋው። አንዳንዶቹ አጎንብሰው መብላታቸውን ቀጠሉ። እነሱም አስጠሉኝ። የተፋውም የዋጠውም እኩል አስጠላኝ።

መጨረሻው ይብሳል። የመጋቢት ተራ የእማማ አመተ ሥላሴ ነው። እንዳላማው ጽዋውን ሊሸከምላቸው ልብሱን ለውጦ፣ ንጹሕ ነጠላ በትከሻው ጥሎ በሩ ላይ ቆሟል። ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ነበር፣ አንቺ ስትጠጪም አይቷል። ጽዋውን ላስታቅፈው ስነሣ እናቱ፣ «ተይው! ይህን እኔ ቤት አላስገባም። ጤነኛ ሰው አለኝ ቤት። አዲስ ይገዛ» አለች።

ጤነኛ ሰው አለኝ አለች፣ እሱ ፊት። ልጁ እናቱን አያት። እኔ አፌ ተከፍቶ ነበር፤ ቃሉ ምላሴ ጫፍ ደርሷል። ግን «አትናገሪ» ያልሽው ወረቀት ብብቴ ሥር ነበር፣ ቆረቆረኝ። ኮሶ እንደሚጠጣ ሰው ዓይኔን ጨፍኜ ዋጥኩት። እንዳላማው ባዶ እጁን ሄደ። ጽዋው እኔ ቤት ቀረ።

እንዳየሽው ካሁን ወዲያ እናቱን «እሳቸው» ማለቱ አልሆነልኝም። በልማድ ያመልጠኛል እንጂ ከልቤ ወጥቷል።

ደግሞ ማክሰኞ ምን ሆነ መሰለሽ? አንቺ መሄድሽን አረጋግጣ፣ በጓሮ በኩል አጥር ከፍታ መጣች። በፊት በር ብትመጣ አለበል ሱቅ ፊት ማለፍ አለባት። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባለች።

«የብርጓል ልጄ፣ ሁዳዴ ሊገባ ነው» አለችኝ። «የሚጾም ሰው ያንን መድኃኒት እንዴት አድርጎ ነው የሚወስደው? አይናዲስን ጠይቂልኝ። ለአንዲት ዘመዴ ነው።»

ጠርዙን ለመንካት የተጸየፈችው ሴት እውቀቷን ግን በጓሮ ልትጠጣ መጣች! እጄን ይዛ ስትለምነኝ እጄን ነጥቄ በቀሚሴ ጠረግሁት። «በፊት በር ይምጡና ይጠይቁ» ብዬ አጥሩን ዘጋሁባት።

ምን ልመልስላት? እኔ እንደሆነ አንድ ቃል አልሰጣትም። አንቺ ግን ምን ትያለሽ?

እህትሽ የብርጓል

❖

ደብረ ማርቆስ፣ መጋቢት 4 ቀን 2000 ዓ.ም.

አይኔ፣

መልስሽን አንብቤ በጣም ነው የተናደድኩት። «ንገሪያቸው። ሰዓቱን እንዳያዛንፍ፣ ሐኪሙን ሳይጠይቅ እንዳያቋርጥ፣ የነፍስ አባቱንም ያማክር፤ ለታመመ ሰው አይጨክኑበትም» ትያለሽ። እንዲህ ያለ ልብ የት እንደሚሸጥ ንገሪኝና እኔም ልግዛ። እሺ፣ አደረስኩልሽ። ግን ለእሷ አይደለም።

ጋራዥ ሄድኩ። እንዳላማው መኪና ሥር ተኝቶ እግሩ ብቻ ይታያል። ጎንበስ ብዬ፣ «እንዳልዬ፣ የሁመራዋ እህቴ መልእክት ልካለች» አልኩና ያልሽውን ቃል በቃል ነገርኩት። መፍቻው ዝም አለ። ተንፏቆ ወጣ። ፊቱ ዘይት በዘይት ነው።

«እማዬ ነገረችሽ?»

«ስላንተ አንድ ቃል አልነገረችኝም። ‹ለአንዲት ዘመዴ ነው› ብላ ነው የጠየቀችኝ።»

«ለአንዲት ዘመዴ» አለ። ደገመው። «ለአንዲት ዘመዴ!» ከዚያ ሳቀ፤ ግን እንዲያ ያለ ሳቅ ሰምቼ አላውቅም። ተመልሶ መኪናው ሥር ገባ። እኔም እግሩን መታ መታ አድርጌለት መጣሁ።

እሑድ ሰዉ ከቅዳሴ ሲመለስ የፊት በራችን ተንኳኳ። እንዳላማው ነው፤ ነጭ ጋቢ ለብሶ፣ ጥፍሩን ሳይቀር ፈግፍጎ ታጥቦ።

«እትዬ የብርጓል፣ የእናቴን ተራ ልወስድ ነው የመጣሁት» አለኝ። «ቅራሪ ቢኖርሽ በጽዋው ቅጂልኝ።»

«ግባ» ስለው አልገባም። «እዚሁ ይሻላል» አለና የከፈትኩት በር ላይ ቆሞ፣ መንገደኛው ሁሉ እያየው፣ ጽዋውን በሁለት እጁ ይዞ ጠጣ። ጠርዙን በጋቢው ጫፍ ጠረገው። አንቺ እንዳደረግሽው ነው ያደረገው አይኔ። ያኔ በሩ ላይ ሆኖ ያየው ይህንን ነበር።

ሽፋኑን አልብሼ አሸከምኩት። ወንጌላዊት ጥላ ያዘችለት። እኔም ተከተልኩ። ጽዋ ሲያልፍ ሰው መቆም ለምዷልና ሁሉም ከመንገዱ ዳር ቆመ፤ አንዳንዶቹ ሽፋኑን ሊሳለሙ ቀረቡ። አለበል ሱቅ ጋ ስንደርስ እንዳላማው ቆመ።

«ጋሽ አለበል፣ አዲሱን ጽዋ እንዳታዝዝ። ከዚህኛው እኔና አይናዲስ ጠጥተንበታል። ሁለታችንም የምንወስደው አንድ መድኃኒት ነው።»

ሊሳለሙ የቀረቡት ወደ ኋላቸው ተመለሱ። አንዲቱ ከንፈሯን በእጇ ጀርባ ስትጠርግ አየኋት፤ ገና ሳትስመው! አለበል የሱቁን መስኮት ስቦ ዘጋው። መንገዱ ሙሉ ሰው ነበር፤ ከዚያ ሁሉ ክርስቲያን «አይዞህ» ያለው አንድ ሰው አልነበረም። ያ ሁሉ ሕዝብ ለአረብ አገሯ ልጅ ልቅሶ በር ላይ ተሰልፎ የነበረው ነው። ሲነገረው የሚያጽናና፣ ሲያይ የሚሸሽ።

እናቱ ከቤት ሆና ሰምታለች፤ ማን ቀድሞ እንደሮጠላት እንጃ። እኛ ስንደርስ በሩ ከውስጥ ሲቀረቀር ሰማን። እንዳላማው አላንኳኳም። ጽዋውን በሩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ አሳርፎ ጎኑ ተቀመጠ። እኔም ተቀመጥኩ። አወቀ ሰምቶ መጣና አግዳሚ ወንበር ከቤት ተሸክሞ አመጣ፤ «ከተቀመጡ አይቀር እንደ ሰው ነው» አለ። ሰው ሲያልፍ እያጎነበሰ ያልፋል። ማንም ምን ሆናችሁ አላለንም፤ ሁሉም ያውቃላ!

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በሩ በጭንቅ የሰው እጅ እስኪያሾልክ ተከፈተ። ብርቱካናማ ኩባያ ከነውሃው ወጣ።

«ልጄ፣ ጠምቶህ ይሆናል።»

አየሽ፣ ለገዛ ልጇም በኩባያ! ተነሥቼ ኩባያውን መንገድ ላይ ልወረውረው ነበር፣ አወቀ ቀሚሴን ያዘኝ። እንዳላማው ኩባያውን ተቀበለ። ውሃውን ጽዋው ውስጥ ገለበጠው። ከጽዋው ጠጣና የቀረውን ለእናቱ አቀበለ።

በሩ ሙሉ በሙሉ ተከፈተ። ተቀበለችው። አልጠጣችም፤ አልመለሰችም። ይዛው ቆመች፣ ጽዋው አዘንብሎ ውሃው በጣቶቿ መሀል ይፈሳል። ልጁ በጎኗ አልፎ ገባ። በሩን ክፍት ትተን ሄድን።

ደስ ብሎሻል ወይ ብትዪኝ አላለኝም። አሁንም ያንገሸግሸኛል። ለልጇ እንጂ ለአንቺ አልከፈተችም። ጽዋው ግን ዛሬ እሷ ቤት ነው፤ በመጋቢት አሥራ ስድስት ማኅበሩ እዚያ ነው። አለበል «ሌላ ቤት እንሰበሰባለን» እያለ ይዞራል፤ ግማሹ ይከተለዋል፣ ግማሹ ማን ይቀድማል ብሎ የሰው ፊት ያያል።

እኔ ከእንግዲህ በእማዬ ቦታ አልቀመጥም። ላንቺ መጠበቅ ይህን ያህል ይበቃኛል፤ ከነሱ ጋር ጎን ለጎን ስቀመጥ ሰውነቴ ይኮሰኩሰኛል። ወይ አንቺ ተቀመጪበት፣ ወይ ባዶውን ይዩት። ቁርጡን ጻፊልኝ። አወቀ ቆርቆሮውን ዛሬ ገዝቷል።

እህትሽ የብርጓል

❖

ሁመራ፣ መጋቢት 8 ቀን 2000 ዓ.ም.

እትዬ፣

ይህን የሚያደርስልሽ ሾፌር ዛሬ ይነሣል፤ እኔ ሐሙስ። ጠቅልዬ ነው የምመጣው። ካምፑ ሌላ ወጥ ቤት አግኝቷል፤ ስሟን ጠይቄ ለሁሉም ነግሬአቸዋለሁ።

የመጋቢት አሥራ ስድስትን የጾም ወጥ እማማ አመተ ሥላሴ ቤት እኔ እሠራለሁ። በፊት በር ነው የምገባው፤ ከአሁኑ ንገሪያቸው። ለማኅበሩም የማን እጅ እንደሆነ ከመብላታቸው በፊት ንገሪ፤ የሚሄድ በጊዜ ይሂድ። እንዳላማው ከኔ ቀጥሎ ይቀመጥ።

ኩባያ አልይዝም።

አይናዲስ